ከጌላክስ፣ ቨርጂኒያ ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እማማስ፣ ታናሽ ወንድሜስ፣ ጋሼስ እንደምን ናቸው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በአረጋውያን መጦሪያው የያዝሁት ሥራም እንደቀጠለ ነው። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ጋሼ ማሲንቆአቸውን ሰቅለው መተዋቸውን፣ ደጋሹም ሁሉ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ካልሆነ እንደማይሻ ሲነግሩኝ እጅግ አዘንሁ። እዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን በዝርዝር ልጽፍልዎ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው።

የምኖርባት ጌላክስ በቨርጂኒያ ደቡብ ምዕራብ፣ ብሉ ሪጅ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ከሰሜን ካሮላይና ወሰን አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የአካባቢው ሰው «ኦልድ ታይም» የሚለው፣ ራዲዮና ሸክላ ከመምጣታቸው በፊት በየጓሮውና በየጎተራው ይጨፈርበት የነበረ የአባቶቹ ሙዚቃ አለው። ይህንን የሚጫወት አንድ ቡድን ወደ መጦሪያችን ይመጣል። ቅዳሜ ገበሬዎች ምርታቸውን በሚሸጡበት ገበያ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ዓመታዊ ግብዣ፣ እንዲሁም ያለ ደመወዝ እሳት የሚያጠፉት የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ለመኪናቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ቁርስ በሚያበሉበት ቀን የሚጫወተውም ይኸው ቡድን ነው። አንዱ ፊድል፣ አንዱ ባንጆ፣ አንዷ ጊታር፣ አንዷ ደግሞ ቆማ የምትጫወተውን ትልቁን ቤዝ ይይዛሉ። አንዱ ከብት አርቢ ነው፤ አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለደጋሹ ይተዋሉ እንጂ ለራሳቸው አይወስዱም።

ፊድል የሚሉት በቅርጹ ቫዮሊን ነው፤ አያያዙ ግን ለየት ይላል። ሽማግሌው ተጫዋች አገጩ ሥር ሳይወትፍ ደረቱ ላይ አስደግፎ ይገዘግዘዋል። የማሲንቆ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ሲሆን፣ በፊድል ግን ጭራው በደጋኑ ላይ ብቻ ነው፤ አራቱ ክሮች ብረት ናቸው። ጋሼን በጣም የሚያስደስታቸው ቅኝቱ ይመስለኛል፤ የዜማው ዓይነት ሲለወጥ ክሮቹንም አላልቶ ወይም አጥብቆ እንደገና ይቃኛቸዋል፣ ሲጫወትም ሁለት ክሮችን አብሮ እየገዘገዘ አንደኛው ዜማውን ሲያወጣ ሌላኛው ከሥር ሳያቋርጥ እንዲያስተጋባ ያደርጋል። አንድ ቀን ወደ ድምፅ መውጫው ቀዳዳ አጎንብሼ እንድመለከት ጋበዘኝ፤ ከውስጡ የእባብ ጭራ፣ ያ በዚህ አገር ሲቆጣ ጭራውን የሚያንቋቋው እባብ የሚያንቋቋበት፣ ደርቆ ተቀምጧል። የድሮ ተጫዋቾች ይህን የሚያኖሩት ገሚሱ ድምፁን ያሳምራል፣ ገሚሱ አይጥ ያባርራል እያለ ነው። እሱ ከአባቱ እንደተረከበው አስቀምጦታል።

ባንጆው እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረበት ክብ አካልና አምስት ክሮች አሉት፤ አምስተኛው ክር አጭር ስለሆነ መቃኛው ከአንገቱ መካከል ላይ ነው። ተጫዋቹ ቀኝ እጁን ጨበጥ አድርጎ ክሩን በጣቱ ጥፍር ወደ ታች እየመታ፣ አውራ ጣቱን በዚያች አጭር ክር ላይ ያሳርፋል። ዜማውም ምቱም ከአንድ እጅ ይወጣሉ።

አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይደገምና ሰው ጨፍሮ እስኪጠግብ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ከዚሁ ሙዚቃ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ታዋቂ በሆነው ብሉግራስ በሚባለው ሙዚቃ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ብቻቸውን እየወጡ ችሎታቸውን ያሳያሉ። በኦልድ ታይም ግን ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ይሄዳሉ፣ ማንም ነጥሮ አይወጣም፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው። ማብቂያው ሲደርስ ፊድለኛው አንድ እግሩን ከወለሉ ያነሣል፣ ሁሉም አይተው በአንድነት ያቆማሉ። ጨፋሪዎቹ በእንጨቱ ወለል ላይ ጫማቸውን እያንኳኩ ከቡድኑ ጋር ምት ይመታሉ፤ እኛ በትከሻችን የምንናገረውን እነሱ በእግራቸው የሚናገሩት ይመስለኛል።

ግጥሙስ ምን ይላል ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እንደ አዝማሪዎቻችን የተሰበሰበውን ሰው እያየ የሚያወድስ፣ የሚወጋ፣ ሰምና ወርቅ የሚደረድር አይደለም። አብዛኛው ዜማ ያለ ቃል ይሄዳል፤ ቃል ሲኖርም ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ አጫጭር ስንኞች ናቸው።

አሁን ደግሞ ከልቤ የገባውን ልንገርዎ። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹም ጨፋሪውም በአብዛኛው ነጭ ስለሆነ እኔ ከዳር ነበር የምቆመው። የባንጆውን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ተጫዋቹ ነው። ፊድል ከአውሮፓ፣ በተለይም ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ሰዎች ጋር ሲመጣ፣ የባንጆ ምንጭ ግን አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙት ወገኖቻችን ከምዕራብ አፍሪካ የተሸከሙትን ዕውቀት ይዘው ቅል ፈልጠው፣ ቆዳ ወጥረው፣ ክር ዘርግተው የሠሩት መሣሪያ ነው። በጋምቢያ አካባቢ የጆላ ሕዝብ የሚጫወተው አኮንቲንግ የተባለ የቅል መሣሪያ አለ፤ ዛሬም በጥፍር ወደ ታች እየተመታ፣ በአውራ ጣት አጭር ክር እየተነካ ይጫወቱታል። በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ፊድልና ባንጆ ይዘው ነጩንም ጥቁሩንም ሲያስጨፍሩ የኖሩ ብዙ ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ግን ሸክላ አሳታሚዎች ገበያውን በዘር ከፍለው ይህንን ዓይነት ሙዚቃ የነጮች፣ ብሉዝን የጥቁሮች ብለው መሸጥ ስለጀመሩ፣ የጥቁሮቹ ድርሻ እየተረሳ ሄደ።

ከቀሩት አንዱ በሰሜን ካሮላይና ሜበን አጠገብ ይኖሩ የነበሩት ጆ ቶምፕሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ተወልደው ፊድልን ከቤተሰባቸው ተምረው በጭፈራ ቤት ሳይሆን በጎረቤት ድግስ የተጫወቱ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተባሉ ሦስት ጥቁር ወጣቶች ቤታቸው እየተመላለሱ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ይማሩ ጀመር። በመጻፍ አይደለም፣ በማየትና አብሮ በመጫወት ነው የተማሩት። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ብለው ያቋቋሙት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ ሽማግሌውም እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት ለባህል ጠባቂዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ተቀብለው፣ በ2012 ሲያርፉ ዜማቸው በሌሎች እጅ ነበር። እነዚያ ወጣቶች ባይሄዱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ ጋሼን አስባለሁ።

በከተማችንም እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በየነሐሴው የፊድለኞች ጉባኤ ይካሄዳል፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ይሰነብታል፣ መድረክ ላይ ከሚደረገው ውድድር ይልቅ በየድንኳኑ ሥር የሚደረገው ጨዋታ ይበልጥብኛል። ሕፃናት ከአያቶቻቸው ጎን ቁጭ ብለው ሲጫወቱ አያለሁ፤ ያልቻለውንም ማንም አያስነሣውም።

ስለዚህ አባባ፣ አንድ ልመና አለኝ። ታናሽ ወንድሜን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ጋሼ ይላኩልኝ። ማሲንቆው ቆዳው ተሰንጥቆ ከሆነ የሚለበጥበትን፣ ጭራውም የሚቀየርበትን ገንዘብ ከዚህ ወር ደመወዜ እልካለሁ። ወንድሜ ስልኩን አጠገባቸው አስቀምጦ መጀመሪያ ቅኝቱን ብቻ፣ ከዚያ አንዱን የሠርግ ዘፈን ቀስ ብለው፣ ከዚያም እንደ ልማዳቸው አፍጥነው ሲጫወቱ ይቅረጽ፤ እጃቸው እንዲታይ ከቀኝ በኩል ቢሆን ይሻላል። ጋሼ እንቢ ካሉ በእኔ ስም ይለምኗቸው፤ ፊድለኛው ሽማግሌም በአንድ ክር እንዴት ይህን ያህል እንደሚቻል ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ደጋግሞ ጠይቆኛል ብለው ይንገሯቸው።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ። የመድኃኒቷን ስም በሚቀጥለው ጊዜ አስጽፈው ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ