ስታቲስቲክስ ደረሰኝ ብላ ስላለቀሰችው የእህቴ ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ ናት፣ ባለፈው ከዩኒቨርሲቲ ደውላ “ጋሼ አለቀልኝ፣ ስታቲስቲክስ ደረሰኝ” ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የትምህርት ክፍል መምረጫው ፎርም ላይ አንደኛ የሞላችው ሶፍትዌር ነው፣ ስታቲስቲክስን መጨረሻ ላይ የጻፈችው ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብላ ነው። ማታ ደሞ እናቷ ደወለችልኝ፣ “እስቲ አንተ ንገራት፣ ለመሆኑ ሥራ አለው?” አለችኝ። እኔ እንግዲህ በዚሁ ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ እንጀራ በልቻለሁ፣ የገዛ እህቴ ይሄን ከጠየቀች ሌላው ወላጅ ምን ይበል ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

ሰው ስታቲስቲክስ ሲባል ኮምፒውተር ላይ ቁጥር መደርደር ይመስለዋል። ተመርቄ መጀመሪያ የተሰማራሁት ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ለግብርና ናሙና ጥናት ነበር። ከአንድ የቆጠራ ቦታ፣ ማለትም ለቆጠራ ተብለው ከተከፋፈሉት ትንንሽ አካባቢዎች ከአንዱ፣ 20 ቤተሰብ በዕጣ ይወጣል፣ የወጣው ቤት ሄደህ መጠየቅ ነው። አንዱ ቤት ከገደሉ ማዶ ሆነብኝ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፣ መንገድ የሚያሳየኝ የቀበሌ ሰው “ወንድሜ ለምን ትሞታለህ፣ እዚሁ መንገድ ዳር ያለውን ጠይቀህ ሙላው፣ ገበሬ ያው ገበሬ ነው” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከሱ ጋር ነበር፣ ግን ያስተማረን ሰው “የወጣውን ዕጣ አትቀይሩ” እያለ የነዘነዘን ነገር ጆሮዬ ላይ ስለነበረ ተሻገርኩ። ማዶ ያገኘኋቸው ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፣ በሬ የላቸውም፣ መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ከምርቱ ግማሹን ነው የሚያገኙት። መንገድ ዳር ያለው ሰውዬ ሁለት በሬና ቆርቆሮ ቤት ነበረው። ናሙና ውስጥ አንድ ቤት የሚቆመው ለራሱ ብቻ አይደለም፣ ላልተጠየቁት ብዙ መቶ ቤቶችም ጭምር ነው፣ ስለዚህ እኔ ያን ቀን ሰንፌ ቢሆን ከሪፖርቱ የሚጠፉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፣ እንደሳቸው በሬ የሌላቸው ሁሉ አብረዋቸው ጠፍተው አገሩ በሙሉ ባለሁለት በሬ ሆኖ ይጻፍ ነበር። ይሄ ሒሳብ ነው፣ ከሒሳብም በላይ ግን የሰው ጉዳይ ነው።

ደሞ የዕድሜ ነገር አለ። እኚሁን እናት “እማማ ዕድሜዎ ስንት ነው?” ስላቸው “ምኑን አውቄው ልጄ፣ ስልሳ በለው” አሉኝ። ስልሳ ብሎ ጽፎ መሄድ ቀላል ነው፣ ብዙ ቆጣሪም ያደርገዋል፣ ለዛ ነው የዕድሜ ሰንጠረዦቻችን ላይ 30፣ 40፣ 50፣ 60 ላይ ሰው ክምር ብሎ የሚታየው። እኔ ግን መቼ እንዳገቡ ጠየቅኳቸው፣ “ንጉሡ በወረዱበት ዓመት” አሉ፣ 1967 ማለት ነው፣ ሲያገቡ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ እኛ የተነጋገርነው በ2004 ስለሆነ 52 አካባቢ ናቸው። በአንድ ጥያቄ ስምንት ዓመት ተቀነሰላቸው። በ2008 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነው ብሎ ነበር፣ እንዲህ ባለ አገር ዕድሜ አስልቶ የሚያወጣ ሰው ቀልድ አይደለም።

ቆጠራውንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፣ እኛ የተቆጠርነው በ1976፣ በ1987ና በ1999 ነው፣ የመጨረሻው ወደ 74 ሚሊዮን ነን አለ፣ አራተኛው በ2010 ሊሆን ታስቦ እየተራዘመ እየተራዘመ እስካሁን አልተደረገም። እላይ ያልኩት የ2008 ጥናት እንኳን ያኔ ለ1999ኙ ቆጠራ ከተከፋፈሉት ወደ 85 ሺ የቆጠራ ቦታዎች ውስጥ ነው 645ቱን የመረጠው። አዲስ አበባ ዳር ያለው ኮዬ ፈጬ በ1999 እኮ ማሳ ነበር! አሁን ኮንዶሚኒየም ነው። በድሮ ካርታ ዛሬ ናሙና የሚያወጣ ባለሙያ መጀመሪያ ቤት ለቤት ዞሮ አዲስ ዝርዝር መሥራት አለበት፣ ይሄን ካላደረገ አዲሱ ሰፈር የለም ማለት ነው።

ሥራ አለው ወይ ላለችው እህቴ፣ አለው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት አለ፣ ጤናው ውስጥ ባዮስታቲስቲክስ አለ፣ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የኤንጂኦው ክትትልና ግምገማ ክፍል ይፈልገዋል፣ ማስተማርም አለ። አልዋሽም፣ የመንግሥት ደሞዝ ትንሽ ነው፣ ፊልድ ካልወጣህ አበልም የለም፣ ብዙ ልጆች ደሞ አራት ዓመት ተምረው ዳታ ኢንኮደር ተብለው፣ ሌላው የሞላውን መጠይቅ ኮምፒውተር ውስጥ እያስገቡ ተቀምጠዋል፣ ይሄ ያንገበግበኛል። ሌላው የሚያሳዝነኝ መመረቂያ ጽሑፍ ሊያስገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ፍላሽ ይዘው የሚመጡት ናቸው፣ “ወንድም በኤስፒኤስኤስ ሥራልኝ፣ ውጤቱን ደሞ ሲግኒፊካንት አድርግልኝ” ይላሉ፣ ኤስፒኤስኤስ ዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ነው፣ ሲግኒፊካንት ማለት ደሞ ውጤቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ማለት ነው። ዳታው ያላለውን ማስባል አይቻልም፣ መምጣት የነበረባቸውም መጠይቁን ሳይበትኑ በፊት ነበር፣ ስንት ሰው ይጠየቅ፣ ማን ይጠየቅ የሚለው ያኔ ነው የሚወሰነው፣ ከዛ በኋላማ የተበላሸ ዳታ በየትኛውም ሶፍትዌር አይድንም።

ዩኒቨርሲቲዎችን የምለምናቸው ተማሪው ፎርም ከመሙላቱ በፊት አንድ ቀን ፊልድ የወጣ ባለሙያ ጠርተው ያናግሩት፣ ስታቲስቲክስን ውጤት ላነሰው መጣያ አታድርጉት። እናንተን ጋዜጠኞችን ደሞ አንድ ነገር ብቻ፣ ይሄን ያህል በመቶ ብላችሁ ስትጽፉ ስንት ሰው፣ የት፣ እንዴት ተመርጦ እንደተጠየቀ አንድ መስመር ጨምሩበት። አንባቢው ያን መስመር ማየት ሲለምድ የሚሠራውንም ሰው ያውቀዋል።

የእህቴ ልጅ አሁን ትንሽ ተረጋግታለች። ለሴሚስተር እረፍት ስትመጣ ሰፈራችን ውስጥ 60 ቤት በዕጣ አውጥታ ስለ ውሃ ፈረቃው እንድትጠይቅ ተስማምተናል፣ በሩ ዝግ የሆነውን ጎረቤቱን ጠይቃ እንዳታልፍ፣ ማታም ሆነ እሁድ ተመልሳ እንድታንኳኳ ነግሬያታለሁ። ውጤቱን ከፈቀዳችሁ ራሷ ጽፋ ትልክላችኋለች፣ ስንት በር እንደተዘጋባትም ጭምር።

አክባሪያችሁ
አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ