ሳይታዘዝ ስለሚሠራው ሥራ፦ ለድሬዳዋ ጤና ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በከተማችን በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም የምሠራ ነርስ ነኝ። የደመወዙን ጉዳይ ባልደረቦቼ ከእኔ በተሻለ ተናግረውታል። እኔ የምጽፍልዎ በሥራ መዘርዝራችን ላይ ስላልሰፈረ፣ ያለ እሱ ግን ክፍሉ ውሎ ስለማያድርበት ሥራ ነው።

ወደ እኛ የሚመጣው የድሬ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከሽንሌና ከኤረር በኩል ሶማሊኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቁ አዛውንት ይመጣሉ። እኔ በምሠራበት ክፍል ለማስተርጎም የተቀጠረ ሰው የለም። ስለዚህ አማርኛን ጨምሮ ሦስቱንም ቋንቋ የምትችለው ነርስ የራሷን ታካሚ ትታ ከማዋለጃ ወደ ድንገተኛ፣ ከድንገተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ትጠራለች። እሷ ከሌለች የጽዳት ሠራተኛዋ ትጠራለች። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ የሚጠይቁት፣ የቀዶ ሕክምና ስምምነት ፎርሙን ሳይቀር የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። ያዘዛቸው የለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። ተራውን ለሚቀጥለው ባለሙያ ካስረከበ በኋላ ቆይቶ ካኑላ (በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) የሚያስገባው፣ የታመመ ባልደረባውን ዲዩቲ (የሥራ ተራ) የሚሸፍነው፣ አስታማሚ ለሌለው ሰው ከኪሱ መድኃኒት የሚገዛውም እንዲሁ ነው።

በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት ከ40,000 በላይ ሰው ታሟል። መገጣጠሚያን የሚይዘው ያ ትኩሳት ባለሙያውንም አልማረም ነበር። ያኔ ሥራው እንዳይቆም ያደረገው ይኸው ያልታዘዘ ትጋት ነው።

አሁን ግን ይህ ትጋት እየሳሳ ሳየው እፈራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2011 ግንቦት የሥራ መዛልን (በርንአውት) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል፤ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ እና የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መስሎ መታየት ናቸው። እኛ ጋ ሁለተኛው ቶሎ ይታወቃል። ታካሚዎቿን «እማማ»፣ «አዴ» እያለች ትጠራ የነበረች ነርስ «አልጋ ስድስት» ማለት ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ለማስተርጎም ስትጠራ አትሰማም። ክፉ ሆና አይደለም፣ አልቆባት ነው።

አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ምሁር ሮዛቤት ሞስ ካንተር እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡት ሐሳብ በኋላ በነርሶች ሥራ ላይ ብዙ ተጠንቷል። የሠራተኛው ትጋት ከጠባዩ ይልቅ መረጃ፣ ቁሳቁስ፣ ድጋፍና የማደግ ዕድል በማግኘቱ ላይ ይመሠረታል ይላሉ። ይህን ሳነብ የእኛው ክፍል ታየኝ። ጓንት ማለቁን የምናውቀው ካርቶኑ ውስጥ እጃችንን ስንከት ነው። የዲዩቲ ፕሮግራም ወሩ ሊጀምር ሲል ይለጠፋል፤ ነርሷን ልጇን ለማን እንደምትተው የሚጠይቃት የለም። በጠዋት ስብሰባ ያነሳነው ጉዳይ የት እንደደረሰ አይነገረንም። ሰው ቃሉ ከማይሰማበት ቤት ቀስ በቀስ እጁንም ይሰበስባል።

ስለዚህ በሥርዎ ላሉት ተቋማት መመሪያ እንዲሰጡልን እጠይቃለሁ። ፕሮግራሙ ከባለሙያው ጋር ተመክሮበት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይውጣ፤ የክፍሉ ኃላፊ ነርስም እንደ ታካሚው ብዛት የማስተካከል ሥልጣን ይኑራት። ያለቀና ሊያልቅ የተቃረበ ዕቃ ዝርዝር በየሳምንቱ ለክፍሎች ይድረስ። ለጥያቄዎቻችን መልስ ይሰጠን፤ «አይቻልም» ቢሆንም እንኳ። አደራ፣ በበጎ ፈቃድ የምንሠራውን ወደ ግዴታ ቀይራችሁ በደብዳቤ አትዘዙን፤ ያን ጊዜ የቀረውም ይጠፋል።

ከሁሉም ግን ማስተርጎሙን ያስቀድሙልን። ሥልጠና፣ የተመደበ ሰዓትና ክፍያ ያለው ሥራ ይሁን። ለቀዶ ሕክምና የምትፈርም እናት ምን ላይ እንደምትፈርም በቋንቋዋ፣ ጊዜ ተሰጥቷት ልትረዳ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ድሬዳዋ