ደሴን አገሬ ያሉት አክስቴ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በቅርቡ ደሴ ላይ የቀበርናቸው አክስቴ በልጅነታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው በአሰብ መንገድ የመጡ ነበሩ። ባላቸው ቀድመው ሲሞቱ የዘመድ እጅ ማየት አልወደዱም፤ አረብ ገንዳ በሚባለው የደሴ ሰፈር በከፈቱት ሱቅ ጨርቅና ዕጣን ሸጠው ልጆቻቸውን አሳደጉ፣ የሚያከራዩት ቤትም ሠሩ። ያ ቤት በ1967 ዓ.ም. በትርፍ ቤት አዋጁ ሲወረስ ሱቃቸውን አንድ ቀን እንኳ አልዘጉም። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ስትያዝ ሁላችንም ሸሸን፤ እሳቸው ግን «አንዴ ተሰድጃለሁ፣ ይበቃኛል» ብለው ቡናቸውን አፍልተው ከቀሩት ጎረቤቶች ጋር፣ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም፣ ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ስለ ደሴ የየመን ነጋዴዎች ሲወራ የሚነሱት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፤ ይህ ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ የእነዚህን ሴቶች ታሪክ የሚያውቁት ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉልን።

የወንድም ልጅ፣ ከደሴ