የ3 ዓመት ልምዱ ከየት ይምጣ? ለሥልጠናና ለሥራ ጉዳይ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። 15 ዓመት ሆነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከመጻፉ ይልቅ ሌሎች የጻፉትን ማየትና ሥራ ፈላጊዎችን ኢንተርቪው ማድረግ በዝቶብኛል። እርስዎ ደግሞ ወጣቱን ለቴክኖሎጂ ሥራ የማብቃት ኃላፊነት አለብዎት። ስለዚህ ሁለታችንም የምናየው ያንኑ ልጅ ነው፤ እርስዎ ሲመረቅ፣ እኔ ሥራ ሲፈልግ።

በየመድረኩ ስንት ሺህ ሰው እንዳሠለጠናችሁ ሲናገሩ እሰማለሁ። ቁጥሩን አልጠራጠርም። ግን ከሠለጠኑ በኋላ የት ገቡ? ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

በቀደም አንድ ልጅ ኢንተርቪው አደረግሁ። ሲቪው ላይ 11 ሰርተፊኬት ተደርድሯል። ጎበዝ ነው፣ ያስታውቃል። "ሌሊት ላይ ሲስተሙ ቢወድቅ መጀመሪያ ምኑን ታያለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ "እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰው የሚጠቀምበት ሲስተም ነክቼ አላውቅም" አለኝ። መልሱን ወደድኩለት። ግን አልቀጠርነውም። ማስታወቂያችን "ቢያንስ 3 ዓመት ልምድ" ይላላ። የጻፍኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ፤ እያፈርኩ ነው የምነግርዎት። ሊወጣ ሲል በስልኩ ሌላ ማስታወቂያ አሳየኝ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። "ጀማሪ ፕሮግራመር፣ 3 ዓመት ልምድ ያለው" ይላል። ጀማሪ! ሳቅን። የጥርስ ሳቅ።

እዚህ እንዴት ደረስን? "ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥራውን በላው" የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ቀኖቹን ይዩአቸው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግርዎት። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 11,000 ሰው ያሰናበተው ኖቬምበር 2022 መጀመሪያ ላይ ነው። ቻትጂፒቲ የወጣው በዚያው ወር መጨረሻ፣ ኖቬምበር 30። ጃንዋሪ 2023 ላይ ጎግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞን ከ18,000 በላይ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ አሳወቁ። ሁለት ወር ያልሞላው ቻትቦት ይህን ሁሉ ሰው ከሥራ አላስወጣም። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሲከት ኩባንያዎቹ ያለ ልክ ቀጠሩ፤ ከዚያ የብድር ወለድ ወጣ፣ ርካሽ ገንዘብ ጠፋ፣ መቀነስ ጀመሩ። ጀማሪው ላይ የደረሰው ግን ያው ነው። እሱ ባመለከተበት ቦታ የ8 ዓመት ልምድ ያለው ሰው አብሮት ተሰለፈ።

የኤአይ ዱላ ያረፈው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያውም በሌላ በኩል። ኮድ የሚጽፈው የኤአይ መሣሪያ ጊትሃብ ኮፓይለት በ2021 ለሙከራ ሲወጣ ብዙዎቻችን እንደ መጫወቻ ነበር ያየነው። አሁን ለጀማሪ እንሰጠው የነበረውን ሥራ ሁሉ እሱና መሰሎቹ ይሠሩታል። ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) መጻፍ፣ ፎርም ላይ የተሞላው ስልክ ቁጥር ትክክል መሆኑን ማጣራት፣ ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ዳታ ማዛወር። ስንፍና እንዳይመስልዎት እንጂ እኔም ለጀማሪ ከማስረዳ ለማሽኑ ብነግረው ይቀለኛል። ችግሩ እነዚያ ትንንሽ ሥራዎች ሥራ ብቻ አልነበሩም። ትምህርት ቤት ነበሩ። እኔን ሰው ያደረገኝ የሰው ፎርም ሲያስተካክሉ መዋልና በየመሃሉ አንድ ቁጡ ሲኒየር (ብዙ ልምድ ያለው ፕሮግራመር) "ይህን ለምን እንዲህ አደረግከው?" እያለ ሲያፋጥጠኝ መዋሉ ነው።

በ2025 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የአሜሪካን የደመወዝ መዝገቦች አገላብጠው ነበር። ኤአይ በብዛት በገባባቸው ሥራዎች ላይ፣ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 የሆኑት ወጣቶች ቅጥር ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ ያህል ወርዶ አገኙት። በእነዚያው ሥራዎች ላይ ያሉት ትልልቆቹ ግን እንዲያ አልሆኑም። የሚጎዳው በር ላይ የቆመው ነው እንጂ ቤት የገባው አይደለም።

ታዲያ ልጆቹን "ኮድ መማር ተዉ" እንበላቸው? ይህን ምክር በቀጥታ ለእርስዎ ቢጤዎች የሰጠ ሰው አለ። ፌብሩዋሪ 2024 ዱባይ ላይ፣ የመንግሥታት ጉባኤ ላይ፣ የኤንቪዲያ ኩባንያ አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ ልጆች ከእንግዲህ ፕሮግራሚንግ መማር እንደማያስፈልጋቸው ተናገረ። ሰውየው የሚሸጠው ኤአይ የሚሠራበትን ቺፕ መሆኑን አይርሱ። ከእሱ በፊት በ2016 ጄፍሪ ሂንተን፣ ያውም የኤአይን ዘርፍ ከፈጠሩት አንዱ፣ ራዲዮሎጂስት (ኤክስሬይና መሰል ምስል የሚያነብ ሐኪም) ማሠልጠን አሁኑኑ ይቁም፣ በ5 ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። 5 ዓመቱ ካለፈ ቆየ። ራዲዮሎጂስት ዛሬም ይፈለጋል። ያኔ እሱን ሰምቶ ሥልጠናውን የዘጋ አገር ቢኖር ዛሬ ኤክስሬዩን ማን ያነብለት ነበር?

የሚዲያውን ርዕስ ይዞ ፖሊሲ ማውጣት እንዲህ ነው። አንድ ሳምንት "የፕሮግራመር እጥረት"፣ በሳምንቱ "የፕሮግራመር ሞት"። ሁለቱንም የሚጽፈው አንዳንዴ ያው ጋዜጣ ነው።

ስለ ማሽኑ ፍጥነትም ትንሽ ልበል። በ2025 ሜትር የሚባል የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ኤአይ ሲጠቀሙ 19 በመቶ ዘገዩ። ራሳቸው ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር! 16 ሰው ትንሽ ነው፣ መሣሪያዎቹም በየወሩ ይቀየራሉ፤ ስለዚህ ኤአይ አይረባም ልልዎት አይደለም። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን የጻፈልኝን ኮድ ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ የቱ ጋ እንደሚዋሽ ማወቅ፣ ያ የኔ ሥራ ሆኗል። መጻፍ ረከሰ፣ ማመዛዘን ተወደደ። የሚያመዛዝነው ሰው ደግሞ ሲኒየር ሆኖ አይወለድም።

አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ማርች 2024 ላይ ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ነገሩ ከነከነው። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ሻዩን ይጠጣል። እሱ ግን ሄዶ ሄዶ፣ ኤክስዜድ በምትባል፣ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ብዙ የሊኑክስ ሲስተም በሚጠቀምባት ትንሽ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ያህል ታማኝ መስሎ እየረዳ ቆይቶ የቀበረውን ስውር በር አገኘ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ የለም። ሰርተፊኬትም የለውም። ለዓመታት እውነተኛ ሲስተም ላይ እጁን ያሻሸ ሰው ብቻ ነው "ይህ ነገር ልክ አይደለም" የሚለው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ልመለስ። ለሌላ ሦስት ሺህ ሰው የኦንላይን ኮርስ ከመክፈትዎ በፊት እጅዎ ላይ ያለውን ይዩ። መንግሥት ትልቅ የሶፍትዌር ገዢ ነው። "ሲስተም የለም" ተብሎ ተመልሶ የማያውቅ ሰው አለ? ያ የጠፋ ሲስተም እኮ የጀማሪዎች ትምህርት ቤት መሆን ይችል ነበር። ሶፍትዌር የሚገዛበት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ቢገባ ምን ይከብዳል? ሥራውን የሚወስደው ድርጅት ይህን ያህል ጀማሪ ከፍሎ ያሠራል፣ ለእያንዳንዱ በስም የሚታወቅ ሲኒየር ይመድባል፣ በቃ። ጎግል ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ ጀማሪዎችን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ላይ ከአማካሪ ጋር እያጣመረ፣ ኪሳቸውንም እየደጎመ ያሠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ይቅዱት፣ ማንም አይከስዎትም።

ኮዱንም ይክፈቱት። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሶፍትዌር ሕዝብ ቢያየው ምን ነውር አለው? እንግሊዞች የመንግሥት ድረ ገጻቸውን ኮድ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አውጥተውታል፤ ኢስቶኒያም መሥሪያ ቤቶቿ ዳታ የሚለዋወጡበትን ኤክስሮድ በ2016 ከፍታዋለች። የይለፍ ቃልና የሰዎች መረጃ ለብቻው ይቀመጥ፤ እሱ ድሮም ከኮዱ ጋር መቀመጥ አልነበረበትም። ከዚያ አንድ ተመራቂ ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀን አቆጣጠር ስህተት አግኝቶ ቢያርም፣ ያ እርማት ለኔ ከ11ዱ ሰርተፊኬት ይበልጥብኛል።

"ጀማሪ ሲስተም ያበላሻል" የሚልዎት አይጠፋም። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የሚባል የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አንበርክኮ አውሮፕላን ሁሉ አስቀርቷል። ጥፋቱ የወጣው ከአሠራሩ ነው፤ ፋይሉ በደንብ ሳይፈተሽ ለሁሉም በአንዴ ተላከ። አሠራሩ ጥሩ ከሆነ ጀማሪም አያፈርሰውም።

ጀማሪ ሳያሳድጉ የመቅረት ዕዳ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ ደግሞ የአሜሪካዋን ኒው ጀርሲ ይመልከቱ። ኤፕሪል 2020 ላይ ሥራ ያጣው ሰው ለድጎማ ሲመዘገብ ሲስተሙ ጭንቅ ውስጥ ገባ። የተጻፈው በኮቦል ነው፤ የ1959 የኮድ ቋንቋ። አስተዳዳሪው ፊል መርፊ በአደባባይ ወጥተው ኮቦል የሚችል በጎ ፈቃደኛ ይምጣልን አሉ። የሚያውቁት ጡረታ ወጥተዋል፣ ተተኪ አላፈሩም። ያኔ ኮቦል ነበር። ነገ ደግሞ ማሽን የጻፈው፣ ማንም በቅጡ ያላነበበው ኮድ ነው የሚሆነው።

ቁጥር ከፈለጉም አንድ ልስጥዎት። ስንት ሰው እንደሠለጠነ ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ያሳፍር።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት ጻፈልኝ። አንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ 40 መስመር የማትሞላ እርማት ልኮ ሁለቴ መለሱበት፤ ለምን እንደመለሱበትም በደንብ ጻፉለት። በሦስተኛው ተቀበሉት። እየደጋገምኩ አነበብኩት፤ ንጹህ ሥራ ነው። እኔም የኛን ማስታወቂያ አርሜያለሁ፤ "3 ዓመት" የምትለዋ ወጥታለች፣ እሱም በድጋሚ አመልክቷል። ያ የመንግሥት ማስታወቂያ ግን ትናንት ማታ ገብቼ ሳየው እንዳለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኮድ ጸሐፊ