ቀለም የተቀባ በረዶ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሲንጋፖር ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ እዚሁ ሲንጋፖር ሆኜ አነበብኩት። ስለ ወደቡና ስለ ከተማው ንጽሕና የተባለው እውነት ነው። ጸሐፊው ወደ ሆከር ማዕከል ጎራ ብሎ አይስ ካቻንግና ቼንዶል የሚባሉትን የበረዶ ጣፋጮች ሲያነሣ ግን «ቀለም የተቀባ በረዶ፣ የልጆች ማባበያ» ብሎ አለፋቸው። እኔ በአንድ ሆቴል የጣፋጭ ክፍል ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ሊጥ መዳመጥ፣ ክሬም መምታት፣ ስኳር ማንጠር የዕለት ሥራዬ ነው። በሙያዬ ዓይን ያየሁትን ልጻፍና አንባቢዎቻችሁ ይፍረዱ።

ሆከር የሚባሉት ቀድሞ በየመንገዱ ምግብ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ማዕከላት እየገነባ፣ የቧንቧ ውኃና የፍሳሽ መውረጃ ባለው ጣሪያ ሥር አስገባቸው። በ2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ ዩኔስኮ የሲንጋፖርን የሆከር ባህል ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ጽሑፋችሁ ይህን አላነሣም፤ ይሁን።

ከቼንዶል ልጀምር። አረንጓዴዎቹ ክሮች የሩዝ ዱቄት ናቸው። መዓዛቸውን የሚያገኙት፣ በደንብ ከተሠሩ ቀለማቸውንም፣ ፓንዳን ከሚባል ረጅም ቅጠል ጭማቂ ነው። ዱቄቱ ከጭማቂው ጋር እሳት ላይ እየተማሰለ እንደ ገንፎ ሲጠና፣ ትኩስ እንዳለ በወንፊት ላይ እየተጨፈለቀ ከሥር ወደተቀመጠው ቀዝቃዛ ውኃ ይወርዳል። ሊጡ ከቀዘቀዘ አልወርድም ይላል፤ ከቀጠነ ደግሞ ክሩ ይበጣጠሳል። ይህን አዘውትሮ የሚሠራ ሰው እጁ ሚዛን ሆኗል ማለት ነው።

በላዩ የሚፈስሰው ቡናማ ስኳር ጉላ መላካ ይባላል። የኮኮናት ዘንባባ የአበባ ዘንግ ተቆርጦ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ተሰብስቦ ለረጅም ሰዓት ይፈላል፤ ሲወፍርም በቀርከሃ ቀፎ ውስጥ ፈስሶ ይረጋል። እኛ ሆቴል ውስጥ ካራሜል ለማውጣት ነጩን ስኳር በጥንቃቄ እናሳርራለን። ጉላ መላካ ግን ያንን የጠለቀ ጣዕም ከምድጃው ይዞት ይመጣል፤ ጭስ ጭስ ይሸትታል፣ ከጣፋጩ ኋላ ጨው ያለ የሚመስል ነገር ምላስ ላይ ይቀራል። ባለሙያዋ የኮኮናት ወተቱ ላይም ቆንጥራ ጨው ትጨምራለች። ያቺ ቁንጥር ባትኖር ወተቱ ቅባት ብቻ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይቀመጥ ነበር። በነገራችን ላይ ቼንዶል ሩዝ፣ ኮኮናት፣ የዘንባባ ስኳርና ደቃቅ ቀይ ቦሎቄ ስለሆነ፣ በጾም ወራት ለሥልጠና ወደዚህ የሚመጡ ወገኖቼን ያለ ስጋት እጋብዝበታለሁ።

አይስ ካቻንግ ሌላ ነው። ከሳህኑ ሥር የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ፣ ከቅጠል የሚሠራ ጥቁር ጄሊ፣ ኒፓ ከሚባለው የረግረግ ዘንባባ የሚወጣና በስኳር ተቀቅሎ የሚያበራ ፍሬ ይቀመጣል፤ እዚህ አታፕ ቺ ይሉታል። በላዩ በረዶው እንደ ተራራ ይቆለላል፤ ከዚያ የጽጌረዳ ሽሮፕ፣ ጉላ መላካ፣ የተፈጨ ጣፋጭ በቆሎ፣ በመጨረሻም የቆርቆሮ ወተት። ጸሐፊያችሁ ያየው ይህን የላይኛውን ቀለም ብቻ ነው። ማንኪያው ወደ ታች ሲወርድ የሚገኘውን አልጠበቀም።

በረዶውስ? የሚፋቅበት መኪና ቀላል ይመስላል። ድፍን በረዶው ጥርስ ባለው ብረት ከላይ ተይዞ ይሽከረከራል፤ ከሥሩ ስለቱ አለ። ስለቱ ከተፈለገው በላይ ወጣ ካለ ስባሪ ይወርዳል፣ ከገባ ደግሞ አቧራ። ስባሪ በረዶ ሽሮፑን አይዝም፤ ጣፋጩ ሁሉ ሳህኑ ሥር ወርዶ ይጠራቀምና ላዩ ተራ ውኃ ሆኖ ይቀራል። በስሱ የተፋቀው ግን በቅንጣቶቹ መካከል ሽሮፑን ይስባል፣ አፍ ውስጥም ሳይታኘክ ይጠፋል። እኔ የማዘወትርበት ሱቅ ያሉት እናት በረዶውን ከማቀዝቀዣ አውጥተው ወዲያው አይፍቁትም። ላዩ ማላብ እስኪጀምር ያቆዩታል፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ ስለት ሲነካው ይሰነጠቃልና። ይህን እንኳንስ የመንገድ ተላላፊ፣ በሙያው ያለ ሰውም ቆሞ ካላየ አያስተውለውም።

በዚህ ምድር በረዶ ራሱ ብርቅ ነበር። ሁዋምፖዋ በሚል ስም የሚታወቀው ቻይናዊ ነጋዴ ሁ አህ ኬይ እ.ኤ.አ. በ1854 በሲንጋፖር የበረዶ ማከማቻ ቤት ሲከፍት፣ በረዶው በመርከብ የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር። ፋብሪካዎች እዚሁ በረዶ ማምረት ከጀመሩ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ተራው ሰው የወረደው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ልጆች የተፋቀ በረዶ በእጅ ድቡልቡል ተደርጎ፣ ሽሮፕ ፈስሶበት፣ በጥቂት ሳንቲም ገዝተው እየመጠጡ ይሄዱ ነበር፤ የማዘወትርበት ሱቅ ሽማግሌ ደንበኞች ዛሬም ያወሩታል። በጎረቤት ማሌዥያ፣ በፔናንግ ደሴት ጆርጅ ታውን ከተማ፣ ከ1936 ጀምሮ ቼንዶል የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ሰው ቆሞ ይበላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ይህ ሁሉ ድካም በብዙ ማዕከላት ከ2 እስከ 3 የሲንጋፖር ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ማዕከሉን ተሻግሮ ባለው፣ አየሩ በሚቀዘቅዝ ካፌ ውስጥ ሰው ለአንድ ሲኒ ቡና ከዚያ በላይ ሲከፍል ቅር አይለውም። እኚያ እናት በሳህን 50 ሳንቲም የጨመሩ ዕለት ግን፣ ክራቫት ያሰረ ደንበኛ «አንቲ፣ ይህ እኮ በረዶ ነው!» ብሎ ወረፋው ፊት ሲቆጣቸው አይቻለሁ። እዚህ አገር ታላቅን ሴት አንቲ ብሎ መጥራት አክብሮት ነው፤ በዚያ ቃል ተጀምሮ የተነገራቸው ነገር ግን አክብሮት አልነበረውም። እሳቸው መልስ ሳይሰጡ ሳህኑን ሞልተው አቀበሉት። ጸሐፊያችሁ «ቀለም የተቀባ በረዶ» ሲል፣ ሳያስበው፣ የዚያን ሰው ቃል ነው የደገመው።

የሲንጋፖር ሆከሮች መካከለኛ ዕድሜ 60 ዓመት ገደማ ደርሷል። ልጆቻቸው ተምረው ቢሮ ገብተዋል፤ በሙቀት ውስጥ ሌሊት ተነሥቶ ቦሎቄ የሚቀቅል ተተኪ በቀላሉ አይገኝም። ዋጋው አልነሣ ሲል ደግሞ ባለሱቁ ከፋብሪካ የመጣ ክር ይገዛል፣ ጉላ መላካውን በተራ ስኳር ያበዛዋል። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ጣዕሙ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ እኔም የምሠጋው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ወደዚህ የምትመጡ አንባቢዎች፦ ዋጋ አትከራከሩ። ጠረጴዛ ላይ የመሐረብ ወረቀት ተቀምጦ ካያችሁ ቦታው ተይዟል ማለት ነው፤ ሌላ ፈልጉ። ሳህኑ እንደቀረበ ብሉ፤ ፎቶ እያነሣችሁ ስትቆዩ ይቀልጣል። ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ይህ በሕግ የሚጠየቅ ግዴታ ነው። ጾም ከሆነ አይስ ካቻንጉን ያለ ወተት ስጡኝ በሉ፤ ያደርጉላችኋል።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ያለኝ ልመና አንድ ነው። ያ የጉዞ ጽሑፍ ዳግም የሚታተም ከሆነ፣ የበረዶውን መስመር አውጡትና በምትኩ ከሠሪዎቹ አንዷን አነጋግሩ። አስተርጓሚ ካስፈለገ እኔ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሲንጋፖር