ቀጣዩ የዕቃና ሽያጭ ፕሮግራማችን ለምን በኪውት እንደሚሠራ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እስከ ዛሬ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራው የዕቃና ሽያጭ ፕሮግራማችን በቀጣዩ ዕትም በሊኑክስና በማክም ይሠራል። የሚገነባው ኪውት 6 በተባለው ፍሬምወርክ (የፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ) ነው። “በዌብ ቴክኖሎጂ ቢሠራ አይቀልም ወይ?” ለሚለው ጥያቄያችሁ መልሳችን የሚከተለው ነው።

በዌብ ቴክኖሎጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኤሌክትሮን ነው፤ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር ሙሉ ክሮሚየምን (የክሮም ብሮውዘር መሠረት የሆነውን) ጠቅልሎ ይመጣል። ባዶ መስኮት ብቻ የሚከፍት ፕሮግራም እንኳ ዲስክ ላይ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ የካሸር ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘርና ኤክሴል አብረው ከተከፈቱ ክብደቱ ወዲያው ይታያል። ሌላው መሣሪያ ታውሪ የኮምፒውተሩን ዌብቪው (የድረ ገጽ ማሳያ ክፍል) ስለሚጠቀም በጣም ትንሽ ነው። ነገር ግን ዊንዶውስ 10 ላይ የዊንዶውሱ ዌብቪው፣ ማለትም ዌብቪው2፣ ካልተጫነ ኢንስታለሩ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ኢንተርኔት በሌለበት መጋዘን በፍላሽ እንጫን ካልን ደግሞ ኢንስታለሩ ላይ 127 ሜጋባይት ገደማ ይጨመራል፤ ያኔ ትንሽነቱ ቀረ ማለት ነው።

ኪውት ብሮውዘር አያስፈልገውም። ሠንጠረዡን ራሱ ይስላል፣ ያውም ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ብቻ፤ ስለዚህ ብዙ ሺህ ዕቃ ያለው ዝርዝር ሲንሸራተት አይንቀራፈፍም።

የሚጎድለው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። የጁሊያንና የጃላሊ (የኢራን) አቆጣጠሮች ሳይቀሩ ኪውት ውስጥ አሉ፣ የእኛ ግን የለም። ክሮሚየም ውስጥ ስላለ በዚህ ኤሌክትሮን ይበልጣል። መቀየሪያውን ራሳችን እንጽፋለን፦ ዳታቤዙ ቀኑን በተከታታይ ቁጥር ይይዛል፤ ወርና ዓመት የሚሆነው ስክሪን ወይም ወረቀት ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ለምሳሌ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 የተመዘገበ ሽያጭ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ካልዋለ የዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ይዛባል።

ፎንትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአማርኛ ዊንዶውስ ኢብሪማ፣ ማክ ደግሞ ከፋ የተባለ ፎንት ይጠቀማሉ፤ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይ አንዱ ላይ የተስተካከለ ዓምድ ሌላው ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከፕሮግራሙ ጋር እናስገባለን፤ የአዝራሮችንም ስፋት በፒክሰል አንወስንም።

ሊኑክስ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ኪቦርድ ነው። በፕሮግራሙ የመጫኛ ጥቅል ውስጥ የአይባስ (ሊኑክስ ላይ እንደ አማርኛ ያሉ ፊደላትን ከኪቦርድ የሚያስገባው ሥርዓት) ፕለጊን ከተረሳ ፕሮግራሙ ያለ ችግር ይከፈታል፣ የእንግሊዝኛ ፊደልም ይጻፋል፤ በአይባስ በኩል የሚመጣው አማርኛ ግን አይገባም። የስህተት መልእክት ስለማይወጣ ጥፋቱ የኪቦርዱ ይመስላል። የሊኑክሱ ጥቅል ኡቡንቱ በተባለው ሊኑክስ 22.04 ዕትም ላይ ስለሚዘጋጅ 20.04 ላይ አይነሳም፤ የሚፈልገው ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.35 ሲሆን እዚያ ያለው 2.31 ነው።

ዊንዶውስ 7 ያላችሁ አሁን ባለው ዕትም ቀጥሉ። ኪውት 6 እዚያ አይሠራም፤ ኤሌክትሮንም ከ23ኛው ዕትም ጀምሮ ትቶታል። ለአዲሱ ዕትም 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ 10፣ ቢያንስ ዕትም 1809፣ ያስፈልጋል። የዕትሙን ቁጥር ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ታገኙታላችሁ። ያንን ቁጥር፣ የራሙን መጠንና የፕሪንተራችሁን ሞዴል ላኩልን፤ የትኛው ኮምፒውተር ዝግጁ እንደሆነ ለይተን እናሳውቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የሶፍትዌር ክፍል