ለእማዬ፦ ስለ ወንድሜና ስለ ወገብሽ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ፣ እሱን ሳነሳ ብቻ ነው የሚያመኝ» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልጠፋም። ገና ስጀምረው የምታቋርጪኝን ጨዋታ ዛሬ በደብዳቤ ልጨርሰው ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ እሺ?

ወንድሜ አሁን ጢም ያወጣ ጎልማሳ ነው። አንቺ ግን እንደ ሕፃንነቱ ብቻሽን ታነሺዋለሽ። ያለበት ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውከው ችግር፣ የመጣበት የአንጎል ጉዳት ራሱ እየባሰ አይሄድም። ጡንቻውና መገጣጠሚያው ግን ከዓመት ዓመት እየተገተረ ነው፤ ክብደቱም ጨምሯል። ያንቺ ጉልበት ደግሞ እየቀነሰ ነው። ፍቅርሽ ስለቀነሰ አይደለም፤ ዕድሜ ነው።

«ሌላ ሰው አያውቅበትም» ትያለሽ። እውነትሽን ነው። ሲያለቅስ ርቦት ይሁን ዳሌውን አሞት ከድምፁ የምትለዪው አንቺ ነሽ። ሲበላ ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ከተጣለ እንደሚያንቀው፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ እንደማይጨመርለት፣ በልቶ እንደጨረሰም ቶሎ እንደማይተኛ ታውቂያለሽ። ቆዳው ሳይቀላ በፊት ጎኑን ታገላብጪዋለሽ። ሲጥለው በጎኑ ታስተኚዋለሽ፤ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትከቺም። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረሽም። በስንት እንቅልፍ ማጣት ነው የተማርሽው!

ግን እማዬ፣ ይህ ሁሉ ያለው አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንድ ቀን ብትታመሚ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ምን ይዞ ይጀምራል? ስለዚህ እንጻፈው። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ካልሆነም ስልክሽ ላይ በድምፅ ቅጂው። የመድኃኒቱ ስምና ሰዓት፣ የሚወደው ዘፈን፣ የሚያስፈራው ነገር፣ «በቃኝ» ሲል ፊቱ ምን እንደሚመስል። ትንሽ ነገር ብለሽ አትዝለዪ።

ሰውም ቀስ በቀስ እናስለምደው። አክስቴ መጀመሪያ አንቺ ባለሽበት አብራው ትጫወት። ቀጥሎ ታብላው፣ አንቺ እያየሽ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ወጣ በዪ። እሱም ይለምዳታል፣ አንቺም ልብሽ ያርፋል። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ማስጨነቅ አልፈልግም።

እርዳታ መጠየቅ እንደ ልመና እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። አይደለም እኮ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 ላይ ይህን ጉዳይ አንስቶታል። በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው መንግሥት ከሚሰጠው እገዛ ውስጥ ሥልጠና፣ የምክር አገልግሎት፣ የገንዘብ ድጋፍ፣ እንዲሁም ተንከባካቢው እንዲያርፍ የሚያስችል ጊዜያዊ እንክብካቤ ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ትንንሽ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። ወንድሜ ዕድሜው ስላለፈ ለእሱ አይሆንም። ደስ ያለኝ ግን ወላጁ ስለ ራሱ ጤና የሚማርበት ክፍል ስላለው ነው። አንቺን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀሽ ባለሙያ አላስታውስም። ሁሉም ስለ እሱ ጠይቀው ነው የሚሸኙሽ።

በሚቀጥለው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮው ላይ እኔም እመጣለሁ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚዛወር እንዲያሳዩን እንጠይቃለን፤ ለሁለት ሰው የሚሆነውንም አያያዝ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ካለ እሱንም እናነጋግራለን። የሕክምና ማስረጃዎቹን ኮፒ በአንድ ፋይል አዘጋጂልኝ፤ የትም ብንሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የወላጆች ስብስብ ካገኘንም አንድ ቀን ብቻ ሄደሽ እዪው። ዊልቸር ማን እንደሚጠግን፣ የትኛው ሐኪም ታግሶ እንደሚያዳምጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደግሞ ስለ ልጇ ሁኔታ ገና ትናንት የተነገራት አንዲት ወጣት እናት እዚያ ትኖራለች። ላንቺ ቀላል የሆነው ነገር ለእሷ ትልቅ ነው።

አንድ የማትናገሪው ነገር አለ፤ እኔ ልናገረው። «እኔ ስሞት ምን ይሆናል?» የሚለው። እኔ አለሁ፣ እማዬ። ወንድሜን አልተወውም። ግን እኔም እንዳንቺ ብቻዬን እንድሆን አልፈልግም፣ ለእሱም አይበጀውም። የሚያውቁትና የሚያውቃቸው ሰዎች አንቺ በሕይወት እያለሽ ቢበዙ ነው የምመኘው። አንቺ እያረምሽን እንማር።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ለአክስቴም ነግሬያታለሁ፣ ደስ ብሏታል። አንቺ ተቀምጠሽ ታዢናለሽ፣ እኛ እናነሳዋለን። ከሰዓት በኋላ እሷ እሱ ጋ ትቆያለች፤ እኔና አንቺ ወገብሽን ልናሳይ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ቀጠሮውን ይዣለሁ። እምቢ እንዳትዪኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ